የእንቁጣጣሽ ስዕላችሁን ካቆማችሁበት ለመቀጠል

ልጅ ሆናችሁ ለእንቁጣጣሽ ስዕል ሰርታችሁ ሰፈር አዙራችኋል አይደል? እኔ በደንብ አዙሬአለሁ። ሉክ ወረቀት ለአራት ተቆርጦ፣ አደይ አበባ፣ ክንፍ ያለው መልአክ፣ ከላይ "እንኳን አደረሳችሁ" በቀይ እስክሪብቶ፣ ከዛ ቤት ለቤት መዞር ነው። እትዬዎቹ ተቀብለው ሳንቲም ይሰጡና ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፣ አንዳቸውም የመልአኩ እጅ ስድስት ጣት አለው ብለውኝ አያውቁም። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ግን አንድ ትልቅ ሰው የሳልኩትን ፈረስ አይቶ "ይሄ ምንድነው፣ ውሻ ነው?" አለኝ፣ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም በዛው እርሳሱን አስቀመጥኩት። ለ23 ዓመት።

ድጋሚ የጀመርኩት እዚሁ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፣ ፎኔ ቻርጅ ጨርሷል፣ እጄ ላይ ያለው ፎርምና እስክሪብቶ ብቻ ነው፣ እና ከፊቴ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጫማ በፎርሙ ጀርባ መሳል ጀመርኩ። የጫማው ቆዳ ጣት የሚታጠፍበት ጋ እንዴት እንደሚሸበሸብ፣ ማሰሪያው አንዱ ቀዳዳ ላይ እንደተዘለለ፣ እነዚህን ሳይ ስሜ ተጠርቶ አልሰማሁም። ከዛ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሆነኝ አላቆምኩም። ይሄን የምጽፈው "እኔ እኮ መሳል አልችልም" ለሚለኝ ሰው ሁሉ ነው፣ ምክንያቱም ዕድሜ ልክ ሊያዝናና የሚችል ነገር በአንድ ሰው ቃል ተቀምቶ መቅረቱ ያናድደኛል። ሰዓሊ ሁኑ አላልኩም፣ ሽጡም አላልኩም። ቡና እንደምትጠጡት ሳሉ ነው የምለው።

1. ዕቃው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ውድ ስኬችቡክ ይገዛና እንዳይበላሽ ፈርቶ ሳይከፍተው ዓመት ይሞላዋል። ስለዚህ ራሳችሁ ስሩት። ኤፎር ኮፒ ወረቀት 10 ቅጠል ውሰዱ፣ መሃል ላይ እጠፉት፣ እጥፋቱ ላይ በመርፌ ሦስት ቦታ ቀዳችሁ በወፍራም ክር ስፉት። 40 ገጽ ወጣላችሁ ማለት ነው። ከሻይ ወይ ከብስኩት ካርቶን ሽፋን አድርጉለት። ጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ቢበላሽም አያስቆጭም፣ ዋናው እሱ ነው።

እርሳስ ሦስት በቂ ነው፣ ኤችቢ፣ ቱቢ እና ሲክስ ቢ (እርሳሱ ላይ HB፣ 2B፣ 6B ተብሎ ይጻፋል)። እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ግራፋይትና ሸክላ ተደባልቆ ነው የሚሰራው፣ ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል መስመሩም ይገረጣል፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል ይጠቁራል፣ ቢ ፊት ያለው ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ለስላሳና ጥቁር ነው። ኤችቢ ብቻ ይዛችሁ "ስዕሌ ለምን ፈዘዘ" እንዳትሉ። መቅረጫ ትታችሁ በምላጭ ቅረጹት፣ ጫፉ ረዘም ይበል፣ ረጅም ጫፍ ጋደም ስታደርጉት ሰፊ ጥላ ይሰጣል፣ ቀና ስታደርጉት ቀጭን መስመር። ላጲስ ግዙ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ቤት ይቀመጥ። የተሳሳተውን መስመር ሳታጠፉት አጠገቡ ትክክለኛውን ስትስሉ ዓይናችሁ ልዩነቱን ያየዋል፣ ካጠፋችሁት ግን ያንኑ ስህተት መልሳችሁ ነው የምትስሉት።

2. ሰዓቱ

ቀን 10 ደቂቃ። ግን "ጊዜ ሳገኝ" ካላችሁ አታገኙም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ካለ ነገር ጋር እሰሩት። እኔ ከቡና ጋር አስሬዋለሁ። ቡናው ታጥቦ ተቆልቶ ተወቅጦ ጀበናው እስኪፈላ ድረስ ስንት ጊዜ ነው ዝም ብለን ፎን ላይ የምናፈጠው፣ እሱ ሰዓት የስዕል ሰዓት ይሁን።

3. ጀበናውን ሳሉት

ቡናው እየፈላ ከፊታችሁ ያለው ጀበና ነው፣ እሱን ነው የምትስሉት። ወለቃ መንገድ ዳር ከሚሸጡት የሸክላ ጀበናዎች አንዱ ቤታችሁ ካለ በጣም አሪፍ፣ ግን የትኛውም ጀበና ይሆናል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ሳታዩ ሳሉ። አዎ ሳታዩ። ዓይናችሁን የጀበናው አፍ ላይ አድርጉ፣ እርሳሱን ወረቀት ላይ፣ ከዛ ጉንዳን በጠርዙ ላይ እየሄደ እንደሆነ አስቡና ዓይናችሁ በጣም ቀስ ብሎ አንገቱን ይውረድ፣ እጃችሁም በዛው ፍጥነት ይከተል፣ ሆዱ ጋ ሲደርስ ይንፋ፣ እጀታው ጋ ይዙር፣ እስክትጨርሱ ወረቀቱን እንዳታዩ። የሚወጣው ነገር የተጣመመ ነው የሚሆነው፣ እንዲጣመም ነው የምንፈልገው፣ ምክንያቱም ጭንቅላታችን "ጀበና ማለት እንዲህ ነው" ብሎ ያስቀመጠው ምልክት አለ፣ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምንስለው እሱን ምልክት ነው እንጂ ፊታችን ያለውን ጀበና አይደለም። ወረቀቱን ካላያችሁ ምልክቱን መሳል አትችሉም፣ ማየት ብቻ ነው የሚቀራችሁ። የኔ የመጀመሪያው ላይ እጀታው ከጀበናው ተለይቶ አየር ላይ ነው ያለው፣ ግን የአንገቱ ጠባሳ፣ አንዴ ወድቆ ጫፉ የተሸረፈባት ቦታ፣ ቁጭ ብላለች፣ ለስንት ዓመት ቡና ስጠጣበት አይቻት የማላውቃት ሽራፊ።

እንዲህ ሦስት አራት ከሰራችሁ በኋላ ወረቀቱን እያያችሁ ሳሉ። ሆዱን ክብ አድርጉ፣ አንገቱን እንደ ቧንቧ፣ በቀላሉ እጅ ሳይጫን። ከዛ መለካት ነው፣ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ እርሳሱን በአውራ ጣት ይዛችሁ የአንገቱን ርዝመት ለኩ፣ ያው ልክ ሆዱ ላይ ስንት ጊዜ ይገባል? አንዴ ተኩል? ሁለቴ? ወረቀቱም ላይ እንደዛው መሆን አለበት። ክንዳችሁ ከታጠፈ ልኩ ይለዋወጣል፣ ለዛ ነው ሰዓሊዎች ክንዳቸውን ዘርግተው የምታዩዋቸው።

እጀታው ላይ ሁሉም ሰው ይቸገራል። መፍትሄው እጀታውን አለመሳል ነው፣ በእጀታውና በአንገቱ መሃል ያለችውን ባዶ ቦታ ሳሉ። ባዶ ቦታ ስም የለውም፣ ስም ስለሌለው ጭንቅላታችሁ ምልክት አያመጣበትም፣ ትንሽዬ የተጣመመች ሦስት ማዕዘን ናት በቃ፣ እሷን በትክክል ከሳላችሁ እጀታው በራሱ ይወጣል። ይሄን ዘዴ ለወንበር እግር፣ ለዛፍ ቅርንጫፍ፣ ወገቡን ይዞ ለቆመ ሰው ክንድ፣ ለሁሉም ተጠቀሙበት።

ሲኒዎቹ ደግሞ አፋቸው ክብ ነው ብላችሁ ታውቃላችሁ ግን ከተቀመጣችሁበት ስታዩት ሞላላ ነው። ሲኒውን እያነሳችሁ ወደ ዓይናችሁ ልክ አምጡት፣ ሞላላው እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ዓይናችሁ ጋ እኩል ሲሆን መስመር ብቻ ይሆናል። ረከቦቱ ላይ ሲመለስ ይሰፋል። ይሄን በእጃችሁ ይዛችሁ ካያችሁት በኋላ ፐርስፔክቲቭ የሚባለው ነገር፣ ማለት የአንድ ነገር ቅርፅ ከምታዩበት ቦታና ከፍታ አንጻር እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ግማሹ ገብቷችኋል።

ለአንድ ወር ሌላ ነገር አትሳሉ። ያንኑ ጀበና፣ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ማታ በአምፖል። የሚሰለች ይመስላል፣ ግን 12ኛው አካባቢ እጃችሁ ራሱ ይለወጣል።

4. አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ይሄን ነው በጣም የምወደው። እርሳስ መስመር ይሰጣል፣ ግን ነገሩ ወፍራም ሆኖ፣ የሚጨበጥ መስሎ እንዲታይ ብርሃንና ጥላ ያስፈልጋል። ለዛ ደግሞ ቀለም መግዛት አያስፈልግም፣ ቡናው አለ። ከአቦል፣ ከቶናና ከበረካ ትንሽ ትንሽ ስኳር ሳይገባበት በሦስት ሲኒ አስቀሩ (ስኳር ካለው ወረቀቱ ይጣበቃል ጉንዳንም ይወረዋል)። አቦሉ ጥቁሩ ነው፣ ቶና መካከለኛ፣ በረካ ስስ።

ዓይናችሁን ግማሽ ጨፍኑና ጀበናውን እዩት። ስትጨፍኑ ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ነገር ብቻ ይቀራል፣ ብርሃን የሚመታው፣ መሃሉ፣ ጨለማው። ብርሃኑን ወረቀቱን እንዳለ ነጭ ተዉት። ከዛ ብርሃን በቀጥታ የማይመታውን በሙሉ በበረካ አንድ ጊዜ ቀቡት፣ ይድረቅ፣ በእውነት ይድረቅ፣ አትቸኩሉ። ቀጥሎ ጠቆር የሚለውን በቶና፣ ይድረቅ። መጨረሻ ላይ በጣም ጨለማውን፣ ከጀበናው ስር መሬቱ ጋ የሚነካካበትን፣ የአፉን ውስጥ፣ በአቦል። አቦሉ አልጠቁር ካለ ክፍት ሲኒ ውስጥ ሌሊቱን ተዉት፣ ውሃው ይቀንስና ይወፍራል። ለዚህ ኮፒ ወረቀቱ ይሸበሸባል፣ ወፈር ያለ የስዕል ወረቀት ያስፈልጋል፣ 160 ግራምና ከዛ በላይ የሚለውን ጠይቁ። ብሩሽ ከሌላችሁ ጥጥ እንጨት ላይ ጠምጥማችሁ ሞክሩት፣ ይሰራል።

ቀለሙ ሲደርቅ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፣ የድሮ ፎቶ ይመስላል። እንግዳ ሲመጣ በምን እንደተሳለ ይጠይቃል፣ ሲኒውን ታሳዩታላችሁ።

5. ከሰል ከፈለጋችሁ

የመሳያ ከሰል ቤት ይሰራል። አኻያ ወንዝ ዳር ታገኛላችሁ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ቅርፊቱን ላጡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ በጣት ርዝመት ቆራርጡት። ክዳን ያለው የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ሙሉት፣ ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብቻ ብሱት፣ ከዛ ደጅ ላይ እሳት ውስጥ ክተቱት። በቀዳዳው ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲያቆም አውጡት፣ ግን እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትክፈቱት፣ በትኩሱ ከተከፈተ አየር ይገባና ይነዳል፣ አመድ ነው የምታገኙት። እኔ የመጀመሪያውን ጣሳ እንደዛ ነው ያበላሸሁት። ቤት ውስጥ በር ዘግታችሁ ደግሞ በፍጹም እንዳትሞክሩት፣ ጭሱ አደገኛ ነው። በከሰል የተሳለ ስዕል እጅ ሲነካው ስለሚጠፋ ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ ራቅ ብላችሁ የፀጉር ስፕሬይ ንፉበት።

6. ከቤት መውጣት

ጎንደር የሚኖር ሰው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስበው ፋሲል ግቢን ነው፣ ልክ ነው፣ ግን ሙሉ ግንቡን በመጀመሪያ ቀን ለመሳል አትሞክሩ። የአፄ ፋሲል ግንብ 32 ሜትር አካባቢ ቁመት አለው፣ አራት ማዕዘኑ ላይ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉ፣ በላዩ ደረጃው፣ ሰገነቱ፣ የግድግዳው ጫፍ ጥርስ ጥርሱ፣ ለጀማሪ ተስፋ ያስቆርጣል። አንድ መስኮት ምረጡ። ቅስቱን፣ ዙሪያው ያለውን ቀላ ያለ ድንጋይ፣ ውስጡ ያለውን ጨለማ። አንድ መስኮት በደንብ ከሳላችሁ ቤት ስትገቡ ግንቡን ሙሉ ይዛችሁ የገባችሁ ያህል ነው የሚሰማችሁ።

ትልቁን ስትደርሱበት ግን መጀመሪያ የዓይናችሁን መስመር አስምሩ፣ ማለት ቁጭ ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ ስታዩ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ከፍታ። ከሱ መስመር በላይ ያለው የግንቡ ጠርዝ እየራቀ ሲሄድ ወደታች ያዘነብላል፣ ከመስመሩ በታች ያለው ወደላይ። ሲኒው ላይ ያያችሁት ነገር ነው። ማማዎቹም ትልልቅ ሲኒ ናቸው፣ አናታቸው ከዓይን በላይ ስለሆነ ክቡ ወደ ላይ ይቀሰታል።

ሰዓት ምረጡ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ጥላው ረጅም ስለሆነ ድንጋዩ ሁሉ ይነበባል። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ግንቡ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጥላ ቶሎ ስለሚንቀሳቀስ ቁጭ እንዳላችሁ መጀመሪያ የጥላውን ጠርዝ ምልክት አድርጉ፣ በኋላ ፀሐይዋ ብትዞርም አትከተሏት።

ግንብ ለሰለቸው የፋሲል መዋኛ አለ። ጥምቀት ባልሆነ ቀን ፀጥ ያለ ነው። አጥሩን ጠፍረው የያዙት የዛፎቹ ሥሮች በባዶ ቦታ ዘዴ ለመሳል ከዛ የተሻለ ነገር የለም፣ ሥሩን ትታችሁ በሥሮቹ መሃል የሚታየውን ድንጋይ ሳሉ።

ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ይሄን ካሁኑ እወቁት። "ጋሼ እኔንም ሳለኝ" ይላሉ። አትቆጧቸው። እኔ ሁሌ ትርፍ ወረቀትና ሁለት እርሳስ ይዤ ነው የምወጣው፣ እሰጣቸዋለሁ፣ አጠገቤ ተደርድረው ይስላሉ፣ ጫጫታውም ይቆማል።

7. የሚንቀሳቀስ ሰው

ቅዳሜ ገበያ ወይ ባጃጅ ተራ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ለአንድ ሰው 30 ሴኮንድ ብቻ። ፊት የለ፣ ልብስ የለ፣ ከአናቱ እስከ ተረከዙ የሚሄደውን አንድ መስመር ያዙ፣ ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው ጀርባው እንዴት እንደጎበጠ፣ ነጠላዋን የምታጣፋ ሴት ክንዷ ወዴት እንደሄደ። ከሄደ ሄደ፣ ቀጣዩን። አንድ ገጽ ላይ 15 ሰው ይወጣል። አስቀምጣችሁ በደንብ የምትስሉት ሰው ከሆነ ግን አስፈቅዱ፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎችን፣ "አባቴ ልስልዎት?" ማለት ምን ይከብዳል፣ አልፈልግም ካሉም ይቅር።

ፊት ስትስሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፣ ዓይን የጭንቅላት መሃል ላይ ነው። ከአናት እስከ አገጭ ለኩት፣ ግማሹ ላይ ነው። ሁላችንም ግንባር አሳንሰን ዓይኑን ወደ ላይ እንሰቅለዋለን፣ እሱን ብቻ ስታስተካክሉ ፊቱ ሰው ይሆናል።

8. ከቀደሙት መማር

እዚህ ከተማ እየኖርን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ዝም ብለን ተሳልመን መውጣታችን ያሳዝነኛል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈ ቤተክርስቲያን ነው። ጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ከመቶ በላይ፣ ሁሉም በትልልቅ ዓይን ወደ ታች ያያሉ። ቀና ብላችሁ ቆዩና አንዱን ከአንዱ አወዳድሩ፣ ቅንድቡ፣ የዓይኑ አቅጣጫ። ጥቁር ጠርዝ፣ ጥቂት ቀለም፣ ያለቀለት መስመር፣ ሠዓሊው ከዛ በላይ አልፈለገም። ግድግዳውን ደግሞ ስታዩ በሀገራችን የቤተክርስቲያን ስዕል ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት እንደሚሳል፣ ክፉው ደግሞ በጎን ባንድ ዓይን እንደሚሳል አስተውሉ።

ውስጥ አትሳሉ፣ ጸሎት ቤት ነው። ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ፣ አንድ ፊት ምረጡ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት፣ ከዛ ውጡና ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ቁጭ ብላችሁ ከትዝታ ሳሉት። የጎደለውን ለማየት ተመልሳችሁ ግቡ። ሁለት ሦስቴ መመላለስ ነው፣ ግን በፎቶ ከገለበጣችሁት ሃያ ስዕል የበለጠ ውስጣችሁ ይቀራል።

9. ስታቆሙ

ታቆማላችሁ። ሥራ ይበዛል፣ ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል። እኔ አንዴ አራት ወር ቆሜአለሁ። ስትመለሱ ከጀበናው ጀምሩ፣ ወረቀት ሳታዩ። ቴሌግራም ላይ ለመለጠፍ ብቻ መሳል ከጀመራችሁና ላይክ ሲያንስ ደስታው ከቀነሰ ደግሞ ለአንድ ወር ምንም አትለጥፉ።

ዕድሜ ምክንያት አይሆንም። እናቴ 70 ዓመቷ ነው፣ ዕድሜዋን በሙሉ መሶብ ስትሰፋ ኖራለች፣ ባለፈው ክረምት "እስቲ አምጣው" ብላ ከእጄ ተቀበለችኝ። ዓይኗ ስለደከመ ትልቅ ወረቀት፣ ሲክስ ቢ እርሳስ፣ መስኮት አጠገብ ብርሃኑ በግራዋ በኩል እንዲገባ አድርጌ አስቀመጥኳት (በቀኝ እጅ ለሚስል ሰው ብርሃን ከግራ ሲሆን የእጁ ጥላ ስዕሉ ላይ አይወድቅም)። የመሶቡን ሐረግ ከመሃል ጀምራ እያዞረች ስትስለው ማስመሪያ አልነካችም፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሞክሬ እንደዛ አይወጣልኝም።

10. በየዓመቱ አንድ ቀን

ከእያንዳንዱ ስዕል ጀርባ ቀንና ቦታ ጻፉ፣ አንድም እንዳትጥሉ፣ በተለይ አስቀያሚውን። ክረምት ላይ እርጥበት እንዳይገባው በፌስታል ጠቅልላችሁ ሳጥን ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዛ በየዓመቱ መስከረም 1 ጠዋት፣ ሳጥኑ ሳይከፈት በፊት፣ ያንኑ ጀበና እንደገና ሳሉት። ከጨረሳችሁ በኋላ ያለፈውን ዓመት አውጡና አጠገቡ አስቀምጡ። እኔ ቤት አሁን ስድስት ጀበና ግድግዳ ላይ ተደርድሯል፣ የመጀመሪያው እጀታው አየር ላይ ነው፣ እማዬ ከሱ ስር የመሶቧን ለጥፋዋለች፣ እና እንቁጣጣሽ ጠዋት የሰፈር ልጆች ስዕላቸውን ይዘው ሲመጡ የነሱንም እዛው ነው የምለጥፈው።